ከመርማሪው የተደበቀ መርዶ

የአሥራ ሁለተኛው እትም የመጨረሻ ገጽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶውን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። አንባቢዎቼ ሰነፍ አሉኝ። ሐሳብ አልቆበት ነው ያሉም ነበሩ። አንዱማ ቴሌግራም ላይ «ሰውዬው ራሱ ሞቶ ይሆናል፣ ቤቱን የምታውቁ ለቅሶ እንድረስ» ብሎ ጻፈና ስንቱ ሳቀለት። ሲሾፍብኝ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ ያኔ ግን ዝም አልኩ። ገጹን ባዶ ያደረግኩት ታዝዤ ነበር፤ ትዕዛዙን ደግሞ ለማንም መናገር አልችልም ነበር።

ሥራዬ ማስታወቂያ ነው። አዳማ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማትርቅ አንዲት ክፍል ውስጥ ባነር አትማለሁ፣ ማኅተም እቀርጻለሁ፣ የሱቅ ስም እጽፋለሁ። ማሽኑ ከ«እንኳን ደስ ያላችሁ» ወደ «ነፍስ ይማር»፣ ከ«ነፍስ ይማር» ወደ «ታላቅ ቅናሽ» ሲመላለስ ይውላል፤ መብራት ሲጠፋ እሱም እኔም እናርፋለን። ኮሚክ መሣል የጀመርኩት በዚያ እረፍት ነው። አሥራ ስድስት ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ መሐሉ በስቴፕለር የተመታ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ የቀረው በስልኩ ያየዋል። አራት ዓመት ሠራሁት። በኋላ ግን ደከመኝ። ዓይኔም ወገቤም ደከመ፣ በየእትሙ ጀግኖችን ከሞት ማትረፉም ደከመኝ። በአሥራ ሁለተኛው ይበቃል ብዬ አወጅኩ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት እትሞች አከታትዬ ሣልኩና የሚወጡበትን ቀን ተናገርኩ።

ጀግኖቼ የእኛው አካባቢ ሰዎች ናቸው። አንዷ ባጃጅ ነጂ ናት፤ የሞተር ድምፅ ብቻ ሰምታ ውስጡ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃለች። አንዱ የወለንጪቲ ገበሬ ነው፤ በፉጨት ነፋስ ያዛል። ሦስተኛው የሶደሬ ዋናተኛ ነው፤ የፈላ ውሃ አይጎዳውም። የእነዚህ ሁሉ ጠባቂ ደግሞ ምንም ልዩ ኃይል የሌለው፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ድሮ በሠራው አንድ ስህተት ሲብሰለሰል የሚኖር መርማሪ ነው። ጠላት ጀግኖቹን አንድ በአንድ ያሳድዳል፤ መርማሪው በራቸው ላይ ይቀመጣል። ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው።

መርማሪውን የቀዳሁት ከጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይሄዳሉ፣ ከሰው ፊት በፊት የሰው ጫማ ያያሉ። የመጀመሪያውን እትም ሲያዩ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አፍንጫዬን አለቅጥ አስረዝመኸዋል።» ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ እየመጡ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ይቀመጡና የሣልኩትን ይተቹ ጀመር። «መርማሪ ሽጉጥ እያወዛወዘ አይሮጥም» ይሉኛል። «መርማሪ ይቀመጣል። ሰው ራሱ መጥቶ ይነግረዋል።» እኔም እየተነጫነጭኩ አጠፋና እንደገና እሥላለሁ።

የመርማሪዬም ስህተት የሳቸው ነው። በሥራ ዘመናቸው አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ አሳስረው ነበር። ሰውዬው ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጦ ሲፈታ እናቱ ሞታ ተቀብራለች፤ እሱን ግን ያረዳው ሰው አልነበረም። ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄዶ በሩን አንኳኳ፤ የከፈተችለት አዲሷ ተከራይ ናት። ይህን አንድ ጊዜ ነገሩኝ፤ ሁለተኛ አላነሱትም። እኔ ግን አሥራ አንድ እትም ሠራሁበት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ትንሽ ሱቅ ከከፈተ ዓመታት ሆኖታል። እሁድ እሁድ ይደውላል። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ልጁ በሁላችንም እጅ ያደገ ነውና ጋሼን ያገኘ ሁሉ ከሰላምታው አስከትሎ እሱን ይጠይቃል። «እንዴት አደሩ፣ ልጅዎ ደወለ?» ይላል አንዱ። ሌላው «አካም ጅርቱ?» ብሎ በኦሮምኛ ይጀምርና «ልጁስ ደወለ?» ብሎ በአማርኛ ይጨርሳል። የጋሼ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ደወለ፤ ደህና ነው፤ ብርድ ነው ይላል።» በአዳማ ሙቀት ላብ ወርዶን ቆመን «ብርድ ነው ይላል» ሲሉ ሁላችንም እንስቃለን።

አሥራ አንደኛውን እትም ያወጣሁት ባለቤታቸው ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሊገቡ ባሉበት ሰሞን ነው። በዚያ እትም ላይ መርማሪው እንደ ልጁ ያሳደገው ዋናተኛ ጠላትን ለማስቆም ወደ ፍሉ ውሃ ይገባል፤ ውሃው ባያቃጥለውም ጠላት ከሥር ይዞ ያሰጥመዋል፤ አይወጣም። ገበሬውና ሌሎቹ ያዩታል። መርማሪው ግን እዚያ አልነበረም፤ የቆሰለችውን ባጃጅ ነጂ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጀግኖቹ ይመካከራሉ፦ ከነገርነው በሩን ትቶ ይሄዳል፣ እሷም ሰምታ ከነቁስሏ ትነሳለች፤ ስለዚህ ለጊዜው አንነግረውም። እትሙ እዚያ ላይ ያልቃል። መርዶ መደበቅ እኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የታመመ እስኪያገግም፣ ፈተና ላይ ያለ እስኪጨርስ፣ ሰው አፉን ይዞ ይቆያል። እኔም ከዚያው ነው የወሰድኩት። ጋሼ አንብበው «ጥሩ ነው፤ ግን እንዴት እንደሚያውቅ አስብበት» አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ፣ ባለቤታቸው ከሆስፒታል በወጡ ማግስት፣ የእድራችን ሰብሳቢ ወደ ሱቄ ገቡና መዝጊያውን ግማሽ ድረስ ወደ ታች ሳቡት። ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት። የጋሼ ልጅ በድንገት ታሞ ሁለት ቀን ሳይቆይ ሞቷል። ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል። የተደወለው ለሳቸው ነው።

«እናትየው ክሯ እንኳ አልወጣም» አሉኝ። «ግፊትም አለባት። ክሩ ወጥቶ ትንሽ እስክትጠነክር ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተነጋግረናል።»

«ለጋሼስ?»

«እሱ ካወቀ ፊቱ ይናገራል። እሷ ደግሞ አርባ ዓመት ያነበበችው ያንኑ ፊት ነው።» የፕላስቲክ ወንበሯን አዩዋት። «የሚውለው አንተ ጋ ነው። ያንን ሥዕልህን እንዳትጨርስ። እያማከርከው አቆየው። ስራ ካልፈታ ሰው አያገኘውም፣ ሰው ካላገኘው አይሰማም።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሰብሳቢው መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፉት ዞረው አዩኝና «ደግሞ ያንን ነገር አስቀድመህ የጻፍከው አንተው ነህ» አሉ። የቀልድ አስመስለው ነው ያሉት። ቀልድ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሟርተኛ መሆኔን እኔም ሳምንቱን ሙሉ ለራሴ ስነግረው ሰነበትኩ።

በማግስቱ ሰብሳቢው የልጁን ፎቶ አመጡልኝና የለቅሶውን ባነር አተምኩት። ሱቄ በራፍ ላይ ብስክሌት ሲማር ጉልበቱን የተላጠ ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ፊቱን አጉልቼ፣ ቀለሙን አስተካክዬ፣ ግርጌው ላይ «ነፍስ ይማር» ጻፍኩበት። ጠቀለልኩትና ከሌሎቹ ጥቅሎች ጋር ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ከጋሼ ወንበር ሁለት እርምጃ አይርቅም። ሌላ ቦታ ብወስደው እርጥበት ያገኘዋል፣ ቤቴ ብወስደው ልጆች ይፈቱታል፤ እዚያው ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንደነበሩ መናገር ይከብደኛል። ጋሼ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ እኔ ገጹን ፊታቸው እዘረጋለሁ፤ እሳቸው ሐሳብ ያመጣሉ፤ እኔ አፈርሳለሁ። መርማሪው ደብዳቤ ያግኝ ይሉኛል። አይ፣ ደብዳቤ የድሮ ነው እላለሁ። ጠላት ራሱ ይንገረው ይሉኛል። አይ፣ ጠላት ብዙ አወራ እላለሁ። ውሸት እንዲህ ያደክማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሌላው ሰውም ደክሟል። ሥጋ ቤቱ ለታማሚዋ ሾርባ የሚሆን አጥንት ይልካል። ጎረቤቶች በየተራ ምግብ ያቀብላሉ። ጋሼን መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ ከወትሮው ይበልጥ ይስቅላቸውና ቶሎ ብሎ ያልፋል። ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ ነበር፤ አንድም ያፈተለከበት የለም። ያኔ በዚህ ኮርቼ ነበር፤ ምን ዓይነት ሰፈር ነው እያልኩ።

አንድ ማክሰኞ ጋሼ ጉልበቴን አሞኛል፣ ሶደሬ ልሂድ አሉ። ሰብሳቢው አብሬ እንድሄድ አዘዙኝ፤ ብቻቸውን ሚኒባስ ውስጥ ሰው አግኝቷቸው እንዳይነግራቸው ነው። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ጋሼ ፍል ውሃው ከላይ የሚወርድበት ቦታ ገብተው ቆሙ፤ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ውሃው ፊታቸው ላይ እየወረደ፣ እንፋሎቱ ሸፍኗቸው። ብዙ ቆዩ። ሌሎቹ ገብተው ወጡ፤ እሳቸው እዚያው ናቸው። ሲወጡ ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

«ውሃው ዛሬ ከሯል» አሉኝ።

«ይከራል ጋሼ፣ ብዙ አይቆዩበት» አልኩ። በሁለተኛው ቀንም እንሂድ አሉኝ። ሄድን። እንደዚያው ቆሙ።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ብርቱካን ይዤ ባለቤታቸውን ልጠይቅ ገባሁ። በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን ጥሩ ነው። እሁድ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ካሉኝ በኋላ ወደ ባላቸው ዞረው «ዛሬም አልደወለም?» አሉ። ጋሼ ብርቱካን ይልጡ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም።

«ደወለ እንጂ። ተኝተሽ ስለነበር አይቀስቅሷት አለኝ። ደህና ነው፤ ብርድ ነው ይላል።»

የላጡትን ብርቱካን ፈልቅቀው አንዷን ለባለቤታቸው፣ አንዷን ለኔ ሰጡ። እኔ ሞኙ፣ ልጁ ሳይደውል ሲቀር እናትየው እንዳይጨነቁ ዋሹላቸው ብዬ አሰብኩ። ይባስ ብሎ ደስም አለኝ፤ እሳቸው ራሳቸው አገዙን አልኩ። አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛውን በቡጢ መምታት ያምረኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ሰብሳቢው በጠዋት ብቅ አሉና «ክሩ ወጥቷል፣ ሐኪሙም ደህና ናት ብሏል። ቅዳሜ ማለዳ እናረዳቸዋለን» አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ጋሼ መጡ። ከአሥር ሰዓት ቀድመው ነው የመጡት፤ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ዛሬ እንጨርሰው» አሉኝ።

«ምን ያስቸኩለናል ጋሼ?»

«ጨርስ ስልህ ጨርስ። አንተም ደክሞሃል። መርማሪው እንዴት ይወቅ ነው አይደል ያቆመህ?»

«አዎ።»

«ያውቃል።»

«ማን ነገረው?»

«ማንም። እሱ ነው እኮ ነገሩ፤ ማንም ምንም አላለውም። ድሮ ገበሬው ሲያገኘው ‹ዋናተኛው እንዴት ነው?› ይለዋል፣ ጎረቤቱ ይለዋል፣ መንገደኛው ሳይቀር ይለዋል። አንድ ሰኞ ከቤቱ ይወጣል፤ ማንም አልጠየቀውም። ማክሰኞ ማንም አልጠየቀውም። ሁሉም ይስቅለታል፣ ምግብ ያመጣለታል፣ ስለ ልጁ ግን ከአገሩ ሁሉ አንድ ሰው የሚጠይቅ ጠፋ። መርማሪ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?»

እርሳሱ እጄ ላይ ነበር። ምን እንደሰማሁ ወዲያው ገባኝ፤ ግን እንዳልገባኝ ሆኜ መቀጠል እንዳለብኝም አብሮ ገባኝ። ሌላ መንገድ አልነበረም።

«ካወቀ ለምን ዝም ይላል?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ካለ ማልቀስ አለበት። እሱ ካለቀሰ ሰው ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፤ የተኛችውም ትነሳለች። ገና ናት እኮ። ሰዎቹስ ቢሆኑ? ለሱ ብለው ስንት ደክመዋል። አውቄባችኋለሁ ብሎ ያሳፍራቸው?» ቆባቸውን በጣታቸው ያሽከረክሩ ነበር። «በወጉ ትስማ። ሰው ከቧት፣ ውሃ ቀርቦ፣ የሚደግፋት አጠገቧ ቆሞ ትስማ። በር አንኳኩቶ ከመስማት...» ብለው ተዉት።

እርሳሱን ገጹ ላይ አሳረፍኩት። እሳቸው ቀጠሉ።

«መጨረሻው ላይ ይመጣሉ። ማለዳ ነው። ያንኳኳሉ። ይከፍትላቸዋል።»

«ከፍቶ ምን ይላል?»

«ምንም ያልሰማ ሰው የሚለውን ነዋ። ‹ምነው በጠዋት፣ ምን እግር ጣላችሁ?› ይበል።»

ጻፍኩት። ፊደሉ ተበላሸ፤ አላጠፋሁትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ ያውቅ ነበር። እኔ እጠብቃቸዋለሁ ስል እሳቸው ሚስታቸውንም፣ እኔንም፣ ሰፈሩንም ሲጠብቁ ነበር። ያለቀሱት ሶደሬ ነው፤ አጠገባቸው ቆሜ «ብዙ አይቆዩበት» ያልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ጋሼ ተነሱና ቆባቸውን አደረጉ። ወደ በሩ ሲሄዱ ግድግዳው ጋ ቆሙ። እኔ ባነር ጠቅልዬ ሳቆም የባለቤቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ እለጥፍበታለሁ፤ የዘወትር ልማዴ ነው። ሁሉም ላይ ስም አለ። አንዱ ላይ ብቻ የለም። ጋሼ ያንኑ ጥቅል በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ስም ጻፍበት» አሉኝ። «ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀያየርብህ።»

ለሰብሳቢው አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም። ምስጢር በሚጠብቁት ሰዎች ላይ ሌላ ምስጢር ይዤ ሁለት ቀን ሰነበትኩ፤ ባነሩ ላይም ስሙን ጻፍኩ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰብሳቢው ቤት ተሰባሰብን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከመስጊዱ የሚመለሱ ጎረቤቶቻችንም ተቀላቀሉን። ጠጠሩ ላይ የጫማችን ኮቴ ብቻ ይሰማል። እኔ ጥቅሉን ብብቴ ስር ይዤ መጨረሻ ላይ ነበርኩ። ሰብሳቢው የግቢውን በር አንኳኩ። ጋሼ ወዲያው አልከፈቱም፤ ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ከፈቱ፤ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን፤ ጫማችንን ሳይሆን ፊታችንን።

«ምነው በጠዋት፣ ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ።

ከትከሻቸው በላይ ቤቱ ይታየኛል። ባለቤታቸው ከአልጋ ወርደው ሰፊው ወንበር ላይ በትራስ ተደግፈዋል፤ ትከሻቸው ላይ ወፍራም ሻል አለ። ጆግ ውሃና መድኃኒታቸው በእጅ የሚደረስበት ቦታ ተቀምጧል። ሹል ማዕዘን ያለው ጠረጴዛ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ከወንበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሴት የሚቆምበት ቦታ ተለቅቋል። ሴቶቹ ገብተው እዚያው ቆሙ፤ ማን እንዳዘጋጀው የጠየቀ የለም። ሰብሳቢው ጀመሩ። ጋሼ የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹና በጉልበታቸው ወደቁ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ሦስት ሳምንት የታመቀ ነው።

የመጨረሻውን እትም በሠልስቱ ዋዜማ ለቀቅኩት፤ እሳቸው ጨርስ ስላሉኝ። አንባቢዎቼ ተናደዱ። መርማሪው ምንም አላደረገም አሉ፤ በር ከፍቶ አንድ ቃል ለመናገር ነው ሦስት ሳምንት ያስጠበቅከን? አሉ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ሰብሳቢው አጠገቤ ተቀመጡና ጉልበቴን ጠበቅ አድርገው ያዙት። ድምፃቸው ከድካም ብዛት ጠፍቷል።

«አየህ፣ ቅንጣት አልጠረጠረም» አሉኝ። «እግዜር ይስጥህ፣ በደንብ ነው የያዝክልን።»

«አሜን» አልኩ።

ጋሼ ከፊት፣ ከባነሩ ስር ተቀምጠዋል። ሰው እየመጣ እጃቸውን ይዞ እግዚአብሔር ያጽናዎት ይላል፤ እሳቸውም አሜን ይላሉ፣ ዓይናቸው በሚገባው ሰው ጫማ ላይ ነው። ማንም ስለ ልጁ አላነሳም፤ አሁን ደግሞ እንዳይከፋቸው ተብሎ ነው። ተነስቼ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚያም ሰፈሩ ሁሉ ለሦስት ሳምንት የተወውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ልጅዎ መጨረሻ የደወለ ዕለት ምን አለዎት?»

ከጫማዎቹ ላይ ዓይናቸውን አንስተው አዩኝ።

«ብርድ ነው አለኝ» አሉ፤ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፣ ሰው ሁሉ እያያቸውም አለቀሱ።